የአበል ፊርማ የስምምነት ፊርማ አይደለም

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣
ለግምገማ ቡድኑ ባለሙያዎች በሙሉ፣

ጉዳዩ፦ በወረዳችን ሊከፈት በታቀደው የወርቅ ማዕድን ላይ የተካሄደው የሕዝብ ውይይት እና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቱ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

እኛ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በዳቡስ ወንዝ ገባሮች ዳር የምንኖር አርሶ አደሮች፣ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች፣ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ነን። በቀበሌዎቻችን መሬት ላይ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሊከፈት ታቅዷል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቱም ወደ መሥሪያ ቤትዎ ገብቷል። ሪፖርቱ ውስጥ ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል የሚል ቃል ሰፍሯል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ያ ቃል ነው። ማንም ድምፅ ስጡ ያለን የለም።

የድርጅቱን ስም አላነሳንም፤ ሆን ብለን ነው። ነገ ሌላ ድርጅት በሌላ ስም ቢመጣና አሠራሩ ይኸው ከሆነ ችግሩም ይኸው ነው። ደግሞ ከመነሻው እንዲታወቅልን የምንፈልገው ነገር አለ። ወርቁ አይውጣ አላልንም። ወርቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ከወንዝ አሸዋ አጥበው ለምኒልክ ቤተ መንግሥት በወርቅ ገብረዋል። እናቶቻችን ዛሬም ገበቴ ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ። ጥያቄያችን በምን አኳኋን ይወጣል፣ ማንስ ተጠይቆ ነው የሚል ነው።

በስብሰባው እንጀምር።

ጥሪው የደረሰን ከዋዜማው ምሽት በቀበሌ በኩል ነው። ወቅቱ ማሽላ የሚሰበሰብበት ነበር። ስብሰባው የተያዘው በወረዳው ከተማ አዳራሽ ነው፤ ማዕድኑ ሊቆፈር በታሰበበት ቀበሌ አይደለም። ራቅ ካሉት ቀበሌዎች የመጡት በአብዛኛው አመራሮችና ለባጃጅ የሚከፍሉት ያልቸገራቸው ወንዶች ናቸው። ማሳ ላይ ያለ ሰው አልመጣም። ወንዝ የወረደች ሴትም አልመጣችም። የመጡት ጥቂት ሴቶች ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።

በግድግዳው ላይ የበራው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበር። ማብራሪያው በአማርኛ ተሰጠ፤ እሱም በጥድፊያ። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ የሚሰሙት በርታኛ ነው፤ ጉሙዝኛ ብቻ የሚናገሩም አሉ። አስተርጓሚ አልተመደበም። አንድ ተማሪ ከኋላ ተቀምጦ በሹክሹክታ የቻለውን ያህል ነገራቸው። "የዝቃጭ ማጠራቀሚያ" የሚለውን፣ ማለትም ወርቁ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ኬሚካል ያለበት ጭቃ በግድብ ታግዶ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ልጁ በምን ብሎ ይተርጉመው? አማርኛ ለምንናገረውም ቢሆን አልተብራራልንም።

ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ። አንዲት እናት ተነስተው "እኛ የምናጥብበት ወንዝ የት ሊሄድ ነው?" አሉ። "ጥያቄው ተመዝግቧል" ተባሉ። አንድ ሽማግሌ "ግድቡ ቢሰበርስ?" ብለው ጠየቁ። "አይሰበርም" ተባሉ። ሌላ ሰው ሥራ የሚቀጠረው ማን ነው ሲል ግን መልሱ ረጅም ነበር። ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት ብዙ ተወራ። ስለ ውሃ የተባለው ተሰብስቦ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

መጨረሻ ላይ ሉህ ዞረ። ሉሁ ስም፣ ቀበሌና ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ ብቻ ነበረው፤ ርዕስ አልነበረውም። ለትራንስፖርትና ለምሳ አበል ነው ተባልን። ፈረምን፤ አበሉን ወሰድን። መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ለስላሳ መጠጥም ሲታደል ስለነበር አንዱ ሉህ ላይ ጠርሙስ ተገለበጠ፤ የሉሁ ጥግ ረጠበ፤ የሦስት ሰው ፊርማም ተዛባ።

ያ ሉህ ዛሬ የሪፖርቱ አባሪ ሆኗል። ከላዩ ፕሮጀክቱን የደገፉ የኅብረተሰብ ክፍሎች የሚል ርዕስ ተጨምሮበታል። ለስላሳው የፈሰሰበት ጥግ በፎቶ ኮፒው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተዛቡት ሦስት ፊርማዎችም እዚያው ናቸው። ክቡር ኃላፊ፣ ባለሙያዎችዎ አባሪውን ገልጠው ይዩት። ምስክር መጥራት አያስፈልግም።

በሕግ በኩልም አገሪቱ ያለ ሕግ አይደለችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካቸው የአካባቢ ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲፈጸምም ሕዝቡ በሙሉ ሊመክርበት ይገባል ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ከዚህ ይዘልቃል። ሪፖርቱ ለሕዝብ ተደራሽ ይሁን፣ አስተያየት ይሰብሰብበት፣ በተለይ ተጽዕኖው የሚደርስባቸው ሰዎች የሰጡት አስተያየት በሪፖርቱም በግምገማውም ውስጥ ይካተት ብሎ ያዝዛል። ግዴታው የተጣለው በመሥሪያ ቤትዎ ላይ ነው፤ በድርጅቱ ላይ ብቻ አይደለም።

ተደራሽ የሚለው እኛ ዘንድ ምን ሆነ? ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ ነው። አንድ ቅጂ ወረዳ ላይ አለ ተባለ። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ መስክ የወጣ ባለሙያ ጋር ነው። ባለሙያው ሲመጣ ደግሞ ኃላፊው ካልፈቀደ አይሆንም። በመጨረሻ መምህራኖቻችን እዚያው ቆመው ገጾቹን በስልክ ፎቶ እያነሱ ወሰዱ። ማታ ማታ ባትሪ እስኪያልቅ እየተረጎሙ አነበቡልን። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚያ ንባብ የተገኘ ነው። ሪፖርቱን ለመመርመርና ለመወሰን አዋጁ ለመሥሪያ ቤትዎ 15 የሥራ ቀን ይሰጣል። ባለሙያ ለሆናችሁት 15 ቀን ከተሰጠ፣ እኛ ከአንድ ምሽት ጥሪና ከአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ የበለጠ አይገባንም?

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ሪፖርቱ የወንዞቹ ውሃ አሁን ያለበትን ሁኔታ ለማሳየት ናሙና ተወስዷል ይላል። ናሙናው የተወሰደው በክረምት ነው፤ ቀኑ እዚያው ተጽፏል። በክረምት ወንዞቻችን ሞልተው፣ ደፍርሰው ይወርዳሉ። በበጋ ግን አብዛኞቹ ገባሮች ይደርቃሉ። ያኔ የምንጠጣው የወንዙን አሸዋ ጭረን ከሥሩ የሚመነጨውን ውሃ ነው። ሴቶቹ ጥልቀቱን በክንዳቸው ይለካሉ። በመጋቢት ከጥር ይልቅ ጠልቀው ይጭራሉ፤ እንስራው እስኪሞላም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሪፖርቱ ስለዚህ ውሃ አንድ መስመር የለውም። የማዕድኑ ጉድጓድ ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር የሚገባበት የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ መውጣት አለበት። ያ ሲሆን በዙሪያው ያለው የውሃ መጠን ይወርዳል። ዛሬ በክንድ የሚለካው ነገ በምን ሊለካ ነው? ይህ ካልተጠና ሪፖርቱ ስለ ውሃ ምንም አልነገረንም።

ሌላው የሜርኩሪ፣ ማለትም የባዜቃ ጉዳይ ነው። ባህላዊ አምራቾች ራሳቸው ሜርኩሪ ይጠቀማሉ ይባላል። በአንዳንድ ቦታ መግባቱ እውነት ነው። ለዚህም እኮ ነው አሁኑኑ ይለካ የምንለው። በወንዙ ደለልና በዓሣው ውስጥ ምን ያህል ሜርኩሪ፣ ምን ያህል አርሴኒክ እንዳለ ማዕድኑ ሳይከፈት በፊት ተለክቶ ካልተቀመጠ፣ ከዓሥር ዓመት በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለይ አይኖርም። በኋላም በእኛ ይሳበባል። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ድንጋዩም አለ። ሰልፋይድ (ድኝ የያዘ ማዕድን) ያለበት ድንጋይ ተፈልፍሎ ክምር ሲሆን፣ አየርና ዝናብ ሲያገኘው አሲድ ያወጣል። አሲዱ ከባድ ብረቶችን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይዞ ይወርዳል። ይህ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ሪፖርቱ ክምሩ ሣር ይለብሳል ይላል። የድንጋዩ አሲድ የማውጣት ጠባይ በላቦራቶሪ ተፈትሾ ከሆነ ውጤቱ የት አለ? እኛ አላገኘነውም።

ወርቁን ከድንጋዩ ለመለየት የሚያገለግለውን መርዛማ ኬሚካል፣ ሳይናይድን፣ በተመለከተ የተነገረን በፀሐይ ብርሃን ይፈርሳል፣ አትስጉ የሚል ነው። በፀሐይ እንደሚፈርስ አንክድም። ግን አገራችን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ላይ ናት። ጎርፍ ሲመጣ ፀሐይ አይጠበቅም። በጥር 1992 ዓ.ም. ሮማኒያ ውስጥ፣ ባያ ማሬ በምትባል ከተማ አጠገብ የአንድ ወርቅ ማውጫ የዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። ብዙ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ነበር ምክንያቱ። ወደ 100,000 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ሳይናይድ ያለበት ውሃ ወንዝ ገባ። ሃንጋሪን አቋርጦ እስከ ዳኑብ ወረደ። የዓሣው እልቂት ተቆጥሮ የሚያልቅ አልነበረም። እዚያ አገር መሐንዲስ አልጠፋም፤ ተቆጣጣሪም ነበር። ሽማግሌያችን "ቢሰበርስ?" ያሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። "አይሰበርም" የሚለው መልስ አይሆንም። አዋጁም ሪፖርቱ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚደረግ የሚያሳይ ዕቅድ እንዲይዝ ይጠይቃል። በእኛ ሪፖርት ውስጥ ግድቡ ቢደረመስ ጭቃው በስንት ሰዓት የትኛው መንደር ይደርሳል የሚል ካርታ የለም። ሕዝቡን ማን በምን ያስጠነቅቃል የሚልም የለም። በአንዳንዶቹ ቀበሌዎች እኮ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው።

ሳይናይዱ እስከዚህ የሚመጣበት መንገድም አለ። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ አገር አቋርጦ በጭነት መኪና ነው የሚመጣው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ኪርጊስታን ውስጥ ወደ ኩምቶር ወርቅ ማዕድን ሳይናይድ የጫነ መኪና ከድልድይ ላይ ተገልብጦ ባርስኩን ወንዝ ውስጥ ገባ። ከታች ያለው መንደር ሰው ወሬውን የሰማው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ውሃውን ይጠቀም ነበር። የእኛን ዳገትና ቁልቁለት፣ የእኛን ድልድዮች የሚያውቅ ሰው ሪፖርቱ ይህን በአንድ አንቀጽ ማለፉ ይገርመዋል። የጤና ጣቢያችን ለሳይናይድ መመረዝ የሚሆን መድኃኒት የለውም። ፈራሚዎቹ መካከል ያሉት የጤና ባለሙያዎች ናቸው ይህን የሚሉት።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ ሰው ነው። ሪፖርቱ በማዕድኑ ክልል ውስጥ ያሉትን ወርቅ አጣቢዎች "ጥቂት ሕገወጥ ቆፋሪዎች" ብሎ በአንድ ሐረግ ዘግቷቸዋል። በዚህ ደብዳቤ ላይ የፈረመው ማኅበር ከክልሉ የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ ያለው ነው። የፈቃዱ ኮፒ ወረዳው መዝገብ ቤት ውስጥ አለ። ማኅበር ውስጥ ያልገቡት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ይወርዳሉ፤ አሸዋውን በገበቴ እያሽከረከሩ ያጥባሉ። ከታች የምትቀረዋን ቢጫ ብናኝ ለማየት እንኳ ዓይን ይፈልጋል። የልጅ ደብተር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ የህክምና ወጪ ከዚያ ነው። ይህ ገቢ በየትኛውም የካሳ ሠንጠረዥ ላይ አልተመዘገበም። የማንጎ ዛፍ ተቆጥሯል። ቤት ተቆጥሯል። ወንዙ ግን የማንም ተብሎ ታልፏል። ቀርከሃውና በዛፍ ላይ የሰቀልነው ቀፎም እንዲሁ።

አራተኛው የወሰን ነገር ነው። ዳቡስ በእኛና በኦሮሚያ ወረዳዎች መካከል የሚወርድ ወንዝ ነው። መጨረሻው ዓባይ ነው፤ ከዚያም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ወገኖቻችን ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ። አንዳቸውም አልተጠየቁም። አዋጁ ተጽዕኖው ከአንድ ክልል የሚያልፍ ፕሮጀክት በማዶ ያለውንም ማኅበረሰብ አማክሮ እንዲጠና፣ በፌዴራል ደረጃም እንዲታይ ያዝዛል። ሪፖርቱ ተጽዕኖው በፕሮጀክቱ ክልል የተወሰነ ነው ይላል። ወንዝ ግን በካርታ መስመር ላይ አይቆምም።

ከራሳችን አገር የምንማረውም ነገር አለ። በጉጂ ዞን የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃዱ በ2010 ዓ.ም. ለ10 ዓመት ታደሰ ሲባል ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ኬሚካሉ ልጆቻችንን፣ ከብቶቻችንን ጎዳ ብለው ለዓመታት አቤት ሲሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። መንግሥት ፈቃዱን አገደ፤ ጥናት ይደረግ የተባለውም ያኔ ነው። ያ ሁሉ የሆነው ማዕድኑ ለግል ባለሀብት ከተላለፈ 20 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይሏል ይህ ነው። እዚህ ገና ምንም አልተቆፈረም። መጥኖ ለመደቆስ ጊዜ አለን።

ስለ ገምጋሚው ነፃነት በአጭሩ እንበል። ከዓመታት በፊት የተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቶችን የማጽደቅ ሥልጣን ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ፈቃድ ሰጪው ራሱ ገምጋሚ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ያ አሠራር ብዙ ሲተች ኖሯል። አሁን ሪፖርቱ በእርስዎ እጅ ነው። ጫና እንደሚኖር እናውቃለን፤ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ትፈልጋለች፤ ወርቅም ያስገኛል። ይህ ግን ግምገማውን ለማፋጠን እንጂ ለመዝለል ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት የአበል ሉሁ ከአባሪው ይውጣ። በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል የሚለው ቃልም ይሰረዝ። ይህ ሳይሆን ሪፖርቱ ቢጸድቅ ባልተናገርነው ቃል ታሠርን ማለት ነው።

ከዚያ የሪፖርቱ ማጠቃለያ በአማርኛ ተተርጉሞ በየቀበሌው ይቀመጥ፤ በበርታኛና በጉሙዝኛ ደግሞ በሬዲዮ ይነገር። ሙሉው ቅጂ ከቁም ሳጥን ወጥቶ ማንም ገብቶ የሚያየው ቦታ ይሁን። ውይይቱ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በቀበሌዎቹ ውስጥ፣ በአስተርጓሚ እንደገና ይደረግ። ለወርቅ አጣቢ ሴቶች ለብቻቸው መድረክ ይዘጋጅላቸው፤ ወንዶች ባሉበት እንደማይናገሩ ሁላችንም እናውቃለን። ቃለ ጉባኤው እዚያው ተነብቦ ይፈረም። የአበል ሉህ ለብቻው፣ ርዕሱ ተጽፎበት ይዙር። ከወንዙ ማዶ ያሉት ወረዳዎችም ይጠየቁ።

ጥናቱን በሚመለከት፣ የውሃና የደለል ናሙና በበጋም ይወሰድ፤ የአሸዋ ውሃችንም ይካተት። የድንጋዩ የአሲድ ፍተሻ ውጤት ይቅረብ። የግድብ መደርመስ ካርታና የሳይናይድ ማጓጓዣ ዕቅድ ተዘጋጅቶ ለጤና ጣቢያዎችና ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ። ባህላዊ አምራቾች ተቆጥረው ገቢያቸው በካሳው ውስጥ ይግባ፤ ወይም የሚያጥቡበት ሌላ ወንዝ ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጣቸው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማስተካከል የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። የዚህ ገንዘብ መጠንና የሚቀመጥበት ቦታ ከቁፋሮው በፊት ለሕዝብ ይገለጽ።

ማዕድኑ ከተከፈተም የውሃ ምርመራው ውጤት በየጊዜው በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ናሙና ሲወሰድ የእኛም ሰው ይገኝ። ወጣቶቻችን ጠርሙስ ይዘው መቆም አያቅታቸውም።

የተጽዕኖ ግምገማ አዋጁ በውሳኔ ላይ ቅሬታ ለቀረበለት ኃላፊ 30 ቀን ይሰጣል። እኛም በእነዚህ ቀናት ውስጥ ለእያንዳንዱ ነጥብ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። "ተመዝግቧል" የሚል መልስ እንዳይላክልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የባህላዊ ወርቅ አምራቾች ማኅበር ሰብሳቢ
የወርቅ አጣቢ ሴቶች ተወካይ
የቀበሌዎቹ የአገር ሽማግሌዎች
የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ተወካይ
የጤና ጣቢያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተወካይ
የንብ አናቢዎች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለክልሉ ምክር ቤት
ለወረዳው አስተዳደር
ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን
ከዳቡስ ማዶ ላሉ ቀበሌዎች ነዋሪዎች